የጥጥ ሰው

ጦሳ ጉሙን ለብሶ ገና አልተነሣም፤
ሆጤ ሜዳ ላይም ኳስ የሚመታ የለም።
እኔ ግን በጠዋት፣ አራት ቁጥር ክፍል፣
መቶ ሥዕል ይዤ ስደረድር፣ ስከፍል፤
ቀላሉን ከከባድ፣ ቅርቡን ከሩቅ ነገር፣
አንዱን ለመጠየቅ፣ አንዱን ለመሻገር።
በቀኝ እጄ ሰዓት፣ በግራዬ ቅጽ፤
"አሳዪ፣ ቁጠሪ" ይላል የፊቱ ገጽ።

ጋሽ ሙሄ ገቡ፣ ከዘራ ይዘው፣
ቀኝ ጎናቸውን እንደ ሰው ዕቃ ተሸክመው።
ከኮምቦልቻ ነው፤ ሐረጎን ሲወጡ
ባለቤታቸው ላይ ተደግፈው መጡ።

"ዶሮ" አሉ ወዲያው፤ አልሞላም ሰከንድ።
"ላም"፣ "እሳት"፣ "ጨረቃ"፣ "ወንበር"፣ "ድንጋይ"፣ "ክንድ"።
በሕፃንነት አፍ የገባ ቃል ለካ
ደጃፍ ነው የሚያድር፤ "አቤት" ይላል፣ በሩ ገና ሳይነካ።
ዘግይቶ የመጣው፣ በትምህርት፣ በሹመት፣
ጓዳ ገብቶ ተኝቷል፤ ጉትጎታ ይሻል፣ ትዕግሥት።

ጃንጥላው ላይ ፈጠኑ፤ ደሴ ነው፣ ክረምቱ፣
ያልያዘው ሰው የለም፣ ያልጠፋው ከቤቱ።
የማጉያ መነጽር ሳሳያቸው ግን
ከንፈራቸው ተከፍቶ ተዘጋ፤ ላብ ያዘው ግንባራቸውን።
"ያ… ያ… ዓይን የሚያሳድግ" አሉኝ፤
ቃሉ አልመጣም፤ መንገዱን ነገሩኝ።

(ትናንት አንድ ተማሪ፣ የአሥረኛ ክፍል ልጅ፣ ቸኩሎ፣
"ማጉያ" ብሎኛል፣ ጥያቄዬን አስተኩሎ፤
ሞፈሩን ሲያይ ግን "እንጨት ነው" አለኝ፣ ትከሻውን ሰብቆ፣ ጥሎ።)

የበሩን መክፈቻ ሳሳይ "ቁልፍ" አሉኝ፤
የሸሚዙን ሳሳይ "ቁልፍ"፤ ደገሙልኝ፤
ጓጉንቸሩን ሳወጣ "ቁልፍ" ብለው ሣቁ፤
ሦስቱም ልክ ነበሩ፤ ሦስቱንም አወቁ።
ሸበጥ ላይ ግን ቆሙ። ስሙ በዝቶ ነው፤
ነጠላ ጫማ፣ ስሊፐር፣ ሸበጥ፣ ሁሉም "እኔ ነኝ" ባይ ነው፤
አንዴ ተነሥተው በር ላይ ተጨናነቁ፤
ጋሽ ሙሄ እግራቸውን አዩ፤ ዘጠኝ ሰከንዶች አለቁ።

ሠላሳ ሦስተኛው፦ ሁለት ነጭ ክብ፣
አንዱ ባንዱ ላይ፤ አፍንጫው ካሮት፣ አንገቱ ላይ ሻርብ።
ይህን ሥዕል የላከ ሰው ደሴን አያውቃት፤
ውርጩን እንጂ፣ በረዶ ሰው ሲሆን አላየንባት።
ጋሽ ሙሄ ግን አዩት። ቀረብ አሉ። አዩት።
"የ… ጥጥ… ሰው" አሉት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣
ቅንድባቸው ነጥቶ፣ ሽፋሽፍታቸው ነጥቶ፣ ሲወጡ ማታ ማታ
እንዲህ ነበሩ ለካ!
ቅጹ ግን ጠባብ ነው፦ "ልክ" ወይም "ስህተት"፤
እስክሪብቶዬ ቆመ፣ ሐረጎ ላይ እንደ ቆመ አይሱዙ፣ የፊቱም የኋላውም እንደ ጠፋበት።

ሰዓቱን ወሰዱ ከእጄ፣ በግራ እጃቸው፤
ቅጹን ገለበጡት፤ ስለው ሰጡኝ፣ በተንቀጠቀጠ መስመራቸው፦
ሁለት ጫፉ ሹል፣ መሐሉ ሰፋ ያለ፣
ሆዱ ውስጥ ክፍተት፣ ክፍተቱ ውስጥ ክር የተጠቀለለ።
"እ?" አሉኝ። ሰዓቱን ተጫኑት።

"የሐይቅ ታንኳ ነው?" ራሳቸውን ነቀነቁ።
"ዓይን ነው?" አይደለም። "ዓሣ?" ሣቁ።
አሥር። አሥራ አምስት። ከነዲግሪዬ ላብ አጠመቀኝ፤
ሃያ። ጓዳዬ ገብቼ ያላስቀመጥኩትን ፈለግሁ፤ የለኝ።

እትዬ ዘምዘም በሩን ገፋ አድርጋ አየች ወረቀቱን፣
ሻሿን እያስተካከለች፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ባሏን፣ አንዴ ሰዓቱን፤
"ውይ፣ መወርወሪያ!" አለች፣ የጠሯት ያህል ነቅታ፤
እዚያው ነው የተገናኙት፣ በማታ ፈረቃ፣ በድርና ማግ ጫጫታ።

ጋሽ ሙሄ ሰዓቱን አቆሙ። ሃያ ስምንት። ጻፉት በተንጋደደ አኃዝ፣ ያለ ፊደል።
ቀና ብለው፣ "አይዞሽ" አሉኝ።
አንድ ሰከንድ አልፈጀም ይህ ቃል።

ሠላሳ አራተኛውን ካርድ ያን ቀን አልገለጥኩም።